የአምስት ሰው ኪስ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ግንቦት 15

አባዬ፣

«ይድረስ ለክቡር አባቴ፣ እርስዎ እንዴት ሰነበቱ» ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፈች ልጅ ዛሬ በአክብሮት ብትመጣ ውሸት ይሆንባታል። ስለዚህ እንደ ድሮው አንተ እልሃለሁ። እንደምን አለህ? ጤናህን እመኝልሃለሁ። ብቆጣም ይህንን የምለው ከልቤ ነው።

ስልክ መደወል ያቃተኝ እንዳይመስልህ። ረቡዕ ዕለት ደውዬ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ አነሳችና «አባባ የለም፤ ማን ልበል?» አለችኝ። ማን እንደምትል ስላላወቅኩ ዘጋሁት። ይህንን ወረቀት ለአውቶቡስ ሾፌሩ የምሰጠውም ለዚሁ ነው። ነገ በእጅህ ይገባል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ከቤት ስትወጣ ይዘኸው በሄድከው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የአያቴ ፊልሞች አሉ። ከእነሱ መካከል የእሳት ጠባቂዎቹን ማማ ያነሳበት ነጋቲቭ ከሐሙስ በፊት እዚህ መድረስ አለበት። ካልደረሰ የእማዬ ቤት ይፈርሳል።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ማዘጋጃ ቤቱ መዛግብት ክፍል ተቀጠርኩ። ምድር ቤት ውስጥ፣ እርጥበት የበላቸው አራት ሺህ ፎቶግራፎች ነበሩ፤ ከጀርባቸው የተጻፈባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ አንዱን እየያዝኩ በእግሬ ዞርኩ። ፎቶውን ከፊቴ እዘረጋለሁ፤ የተራራው ጀርባና የመንገዱ እጥፋት ከፎቶው ጋር እስኪገጥሙ ድረስ ወደፊት እራመዳለሁ፣ ወደኋላ እመለሳለሁ። ሰው እብድ ብሎኛል። ግን የድሮውን ፖስታ ቤት ደረጃ ዳቦ ቤቱ ጓሮ ዱቄት ተቆልሎበት አገኘሁት። የባቡር ጣቢያው ሰዓት የቆመበትን የብረት ምሰሶ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲያንጠለጥሉበት አገኘሁት። ከተማው የት እንደነበሩ የረሳቸውን አሥራ አንድ ቦታዎች በካርታ ላይ አሰፈርኩ።

አሥራ አንደኛው ይኸው ማማ ነበር፤ ድሮ ጠባቂዎች ከላዩ ሆነው ከተማው ውስጥ እሳት ሲነሳ የሚያዩበት። ከፈረሰ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ የት እንደቆመ የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። ማስረጃዬ ሳሎናችን የተሰቀለው፣ አያቴ ያነሳው ፎቶ ነው። ጭጋግ ስለነበረ ተራራው አይታይም፤ ድልድዩና ቀጥ ያለው መንገድ ግን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከድልድዩ ላይ ሲያዩት ማማው በግራ ነው። በግራ ደግሞ የእኛ ሰፈር ነው። የከተማው ጠባቂዎች በቆሙበት መሬት ላይ ተወልጄ ማደጌ እንዴት እንዳኮራኝ ብነግርህ ትስቃለህ።

ኃላፊዬን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ማህተም» ይለዋል፤ ሌላው በሠራው ላይ ማተም እንጂ መሥራት ስለማያውቅ። ጥናቴን «እስኪ ልየው» ብሎ ወሰደው፤ በስድስተኛው ወር ከነፎቶዎቹ በራሱ ስም መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። አንዲት ፊደል አልቀየረም። በስብሰባ መሃል ተነስቼ «ይህ የእኔ ነው!» አልኩ። በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቱን ፎቶዎች ቤቷ ደብቃለች ተብዬ ተባረርኩ። ሳሎናችን ያለውን የአያቴን ፎቶ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ከንቲባው መጽሐፉን ወደደው። ማማው «በትክክለኛ ቦታው» እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ። በቦታው ላይ ያሉት አሥራ አራት ቤቶች ይነሳሉ ተባለ። ሰፈሩ በእኔ ጥናት መሆኑን ያውቃል። ውሃ ስቀዳ ድሮ የሚያዋሩኝ ሴቶች አሁን ጀሪካናቸውን ያያሉ።

ባለፈው ሰኞ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መሰላል ሊዋስ መጣ። የሱቁን ጣሪያ ራሱ ሊያወርድ ነው፤ «እነሱ ከነኩት ቆርቆሮው አይተርፍም» ይላል። እኔ መሰላሉን እስካወጣ አፍንጫውን ፎቶው ላይ አስደግፎ ይመረምራል።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ኮት የሰፋው ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ? የሰባ ዓመት ነገር ነው።»

«ማንም ይሁን፣ እጁን መቁረጥ ነበር! የደረት ኪሱን በቀኝ አደረገው። ቁልፉም እንደ ሴት ልብስ ነው የሚዘጋው።» ጣቱን ወደ ቀጣዩ ሰው አሻገረ። «ይኸውና እሱም! ይኼኛውም! ኧረ ጉድ፣ ከተማው በሙሉ አንድ ሰካራም ጋ ነበር እንዴ የሚያሰፋው?»

ሳቀ። እኔም አብሬው ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ግን መሰላሉን አስቀምጬ ኪሶቹን ቆጠርኩ። ከማማው ሥር የቆሙት አምስት ወንዶች ናቸው። አንድ ሰፊ ይሳሳታል፤ የአምስት ሰው ኪስ በአንድ ቀን አይሳሳትም። የተሳሳተው ፎቶው ነው። መስታወት ውስጥ እንዳለ ፊት ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኗል። አንዲት የሱቅ ጽሑፍ እንኳ ብትኖርበት ገና ድሮ አጋልጣው ነበር።

ማማው የቆመው በቀኝ በኩል ነው። ዛሬ በቀኝ በኩል ያለውን ታውቀዋለህ፤ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ማቆሚያ ነው። ማንም ያልተወለደበት፣ ማንም የማያለቅስለት አስፋልት።

ያንን ፎቶ ማን እንዳተመው ከአንተና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በጨለማው ክፍል፣ በቀዩ አምፖል ሥር፣ በርጩማ ላይ አቁመኸኝ «በይ፣ ዛሬ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ» አልከኝ። ፊልሙን በራሴ እጅ ማተሚያው ውስጥ አስገባሁት፤ ገልብጬ። አንተ አየኸው። አይተኸው እንደሳቅክ ትዝ ይለኛል፤ ያኔ ሥራዬ ደስ ብሎህ የሳቅክ መስሎኝ ነበር። «የልጄ የመጀመሪያ ሥራ» ብለህ በፍሬም ሰቀልከው። ለምን አልነገርከኝም? ብታርመኝ አለቅስ ነበር፤ ግፋ ቢል እስከ እራት ነው። አንተ በፍቅር ያለፍካት ስህተት ይኸው ዛሬ አሥራ አራት በር ታንኳኳለች።

ልፈርድብህ አይደለም ብዬ ልጽፍ ነበር። ፈርጄብሃለሁ። በራሴ ላይ ግን የባሰ ፈርጃለሁ፤ የሌላውን ፎቶ ሁሉ ሦስት ጊዜ ሳጣራ፣ የአባቴን ግድግዳ ሳላጣራ አመንኩ።

ማክሰኞ ወደ ማህተም ሄድኩ። ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም።

«ባለፈው ዓመት መጽሐፉ የእኔ ነው እያልሽ መሥሪያ ቤቱን በአንድ እግሩ አቁመሽው ነበር።»

«የእኔ ነው።»

«ዛሬ ደግሞ ስህተት ነው ትያለሽ።»

«ስህተት ነው።»

«እንግዲያው አንዱን ምረጪ፣ እመቤቴ። የአንቺ ከሆነ ቤት አፍራሿ አንቺ ነሽ። የአንቺ ካልሆነ ደግሞ ምን አገባሽ?»

«ኪሶቹን ይመልከቱ።»

«እኛ ከተማ የምንሠራው በኪስ ነው እንዴ?»

ጸሐፊዋ ሳትቀር ሳቀች። ወጣሁ። ጃንጥላዬን ረስቼ ስመለስ ግን በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ማህተም መጽሐፉን መስኮቱ ጋ ወስዶ፣ በማጉያ መነጽር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ኪስ ይቆጥራል። ስለዚህ ያውቃል። አውቆ ዝም ይላል፤ ስሙ መጽሐፉ ላይ ነውና። የሰረቀኝ ስህተቴንም ጭምር ነው፤ አሁን ከእኔ አብልጦ ይሳሳለታል።

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው የመጨረሻውን አቤቱታ ይሰማል። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማፍረሻ ማሽኑ ይገባል። አያቴ በእያንዳንዱ ፊልም ጥግ በመርፌ ቁጥር ይጭር እንደነበር አንተ ነህ ያሳየኸኝ፤ ቁጥሩ በትክክል የሚነበበው ፊልሙ በትክክለኛው ፊቱ ሲያዝ ብቻ ነው። ብርሃን ላይ ይዘው ቁጥሩን ካነበቡ ማማው በየት በኩል እንደቆመ ልጅም ያየዋል። ያንን ማህተም እንኳ ሊስቅበት አይችልም።

እማዬ ዕቃ አልሸከፈችም። ጎረቤቱ ካርቶን ሲለምን እሷ መጋረጃ ታጥባለች። «አባትሽ ጥሎኝ በሄደ ቀን ያልወጣሁበትን ቤት፣ ለማማ ብዬ ልለቅ?» ትለኛለች። ከታጠበው መጋረጃ ጋር ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆም ብላ ትተነፍሳለች፤ ሳያት የመጋረጃውን ማሰሪያ የምታስተካክል ታስመስላለች። ፎቶው መገልበጡን አልነገርኳትም። ለአንተ መጻፌንም አልነገርኳትም።

ፊልሙ ቢመጣም ባይመጣም ሐሙስ እቆማለሁ። ጥናቱ የእኔ ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ በዚህ እጄ ነው የሠራሁት እላለሁ። ከዚያ በኋላ በዚህ ሙያ ማንም እንደማይቀጥረኝ አውቃለሁ። ይሁን። ባዶ እጄን ብቆም ግን አያምኑኝም፤ የተባረረች ሴት ቂም ነው ይላሉ፤ ቤቱም ይሄዳል።

እባክህ አባዬ። ይህንን ቃል ለማንም አልጻፍኩትም፤ ለማህተምም አላልኩትም።

ፊልሙን በፖስታ እንዳትልከው፤ ይጠፋል። ለሾፌሩም አትስጠው፤ ሰውዬው ደህና ነው፣ ግን ፊልም አያያዝ አያውቅም፣ ጣቱን ያሳርፍበታል። በጠርዙ የሚይዝ፣ ከፀሐይ የሚከልል፣ የአያቴን ቁጥር የሚያነብ ሰው ይዞት ይምጣ። ኮሚቴው «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስ ሰው ቢሆን ደግሞ ይሻላል። እንዲህ ያለ ሰው እዚያ አካባቢ ካወቅህ ማክሰኞ ጠዋት የሚነሳው አውቶቡስ ረቡዕ ረፋዱ ላይ እዚህ ያደርሰዋል። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጣቢያው በር ላይ እቆማለሁ። ምን እንደለበሰ አስቀድመህ መንገር አያስፈልግህም። ፀጉሩ ቢሸብትም እለየዋለሁ።

ዓይንህን ይጠብቅልህ፤ እጅህን አያንቀጥቅጠው። ስልኩን ላነሳችው ልጅም እድሜ ይስጥልኝ፤ በጨዋ ደንብ ነው ያናገረችኝ።

ትልቋ ልጅህ