ልባቸው ጤነኛ ነው የተባለላቸው የጨርቅ ቆራጩ ሜትር

ወንድማችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በነበረች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተወለዱ። ቀኑን የጻፈ የለም፤ ውኃ ያሞቀችው ታላቅ እህታቸው ግን ታስታውሳለች። ትምህርታቸውን በአራተኛ ክፍል አቋርጠው አባታቸውን ሲያግዙ ቆዩ። አባታቸው ሲሞቱ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብተው አርባ አንድ ዓመት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ቆመው ሠሩ። ቁመናቸው ቀጥ ያለ፣ ዓይናቸው ልክ የማይስት ስለነበር «ሜትር» ተባሉ። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ ከወንበር ሲነሡ ዓይናቸው ይጨልም ጀመር። ባለቤታቸው ስንፍና ነው አሉ። ታላቅ እህታቸውም ስንፍና ነው ብላለች፤ አትክድም። ቆይቶ ቀኝ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ በሽታው ፓርኪንሰን መሆኑም ታወቀ። ሐኪሙ ለልጃቸው እንዲህ ሲሉ አስረዱት፦ «የአባትህ ልብ ጤነኛ ነው። የሞቱት ልባቸውን የሚያዙት ነርቮች ናቸው። ሰው ብድግ ሲል ደሙን ወደ ላይ ግፉ የሚል ትእዛዝ ለልቡና ለደም ሥሩ ይደርሳል፤ ለእሳቸው አይደርስም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይቆዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይነሡ።» ሐኪሙ ይህን ለታላቅ እህታቸው የደገሙላት ከሞቱ በኋላ ነው።

ልጃቸው ግን በመሃል ስልኩ ጠርቶ ነበርና የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ይዞ ወጣ። ቤት እንደደረሰ «ልቡ የኮርማ ነው አሉ፤ እያሾፈብን ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ በሙሉ አዛዥ ሆነ። በረንዳ ላይ ያለው ወንበራቸው ተነሣ። በር ክፈት፣ ውኃ አምጣ ተባሉ። ሲወድቁ «ደግሞ ጀመረው» ይባላል። ሐኪሙ ያሉትን እስከ መጨረሻው የሰሙት እሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል፤ በሽታው ድምፃቸውንም አሳንሶት ስለነበር ጆሮውን ያስጠጋ አልተገኘም።

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ የልጃቸው አለቃ ሊጠይቃቸው መጣ። ልጃቸውም «አባዬ፣ እንግዳ ቆሞ አንተ ትቀመጣለህ? ተነሥ እንጂ» አለ። ወግ የሚያውቁ ሰው ናቸውና ብድግ አሉ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሳይጨብጡ ግንባራቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መታ። ልጃቸው ለአለቃው «ግድ የለም፣ ልማዱ ነው» አለው። እዚያው ወለሉ ላይ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

ወንድማችን ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከታላቅ እህታቸው ተለይተዋል። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ታላቅ እህታቸው ናት፤ የሚያነበው ወንድ ልጃቸው ነው። አንድም መስመር እንዳይዘል፣ ከጎኑ የቆመችው እህቱ ወረቀቱን አብራው ታያለች። ነፍሳቸውን ፈጣሪ ያሳርፍልን፤ ለቀረነው ግን ዕረፍት አይስጠን።