ከባሮ ሽንኩርት አጠገብ ስላደርኩበት ሌሊትና ስለማያልቀው አመክሮዬ

ለሄዘርሎ ወረዳ የአመክሮ ገምጋሚ ጉባኤ
ሄዘርሎ፣ ሰሜን እንግሊዝ

ቀን፦ ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2024

ጉዳዩ፦ የአመክሮ ግዴታዎቼ ተመርምረው እንዲነሱልኝ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የጉባኤው አባላት፣

በመጀመሪያ የማመለክተው ስለ ባሮ ሽንኩርት ነው። የእኔዎቹ ዘንድሮ የክንዴን ያህል ወፍረዋል። የመንደራችን የሽንኩርት ውድድር በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው፤ ጎረቤቴን ራልፍ ቴትን ደግሞ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ በዓይኑ ሲለካቸው ሁለት ጊዜ ይዤዋለሁ። ጉባኤው በአቶ ቴት ላይ ሥልጣን እንደሌለው አውቃለሁ። ሽንኩርቱ ግን ከጉዳዬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

1. እኔ ዊልፍሬድ ቻርልተን፣ ዕድሜዬ 61፣ በ2006 ሰክሬ አንድ ሰው በጠርሙስ መትቼ ስልኩን ቀምቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልከራከርበትም። ቢያንስ ሁለት ዓመት እንድታሰር ተፈረደብኝ፤ መውጫዬ ግን ቀን አልተቆረጠለትም። ሁለቱ ዓመት ዘጠኝ ሆነ። ማንበብና መጻፍ በወጉ የለመድኩት እዚያ ስለሆነ፣ ይህ ደብዳቤ ቢረዝም ተጠያቂው ማረሚያ ቤቱ ነው።

2. በ2015 በአመክሮ ወጣሁ። ከግዴታዎቼ ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ ከቤቴ ውጭ እንዳላድር፤ ሳላስፈቅድም ቤቴ ሰው እንዳላሳድር።

3. በ2019 ውድድሩ ሲቃረብ አንድ ሌሊት በአትክልት ቦታዬ ጎጆ ውስጥ አደርኩ። በእኛ መንደር በዚያ ሰሞን ተፎካካሪ መጥቶ ሽንኩርቱን በቢላ እንዳይተለትልበት ባለቤቱ አጠገቡ ይተኛል። አባቴም አያቴም ተኝተዋል። ከቤቴ እስከ ጎጆው ሰማንያ እርምጃ ነው። የያኔው የአመክሮ ተቆጣጣሪዬ የትልቅ ከተማ ሰው ነበሩ። እውነቱን ስነግራቸው ከወረቀታቸው ቀና አሉና፣ «አቶ ቻርልተን፣ ለሽንኩርት ዘብ ቆሜ ነበር ነው የሚሉኝ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «የማይታመን ምክንያት አቅርቧል» ብለው መዘገቡ። ተመልሼ አሥራ አራት ወር ታሰርኩ። ውሽማ ዘንድ ነበርኩ ብዬ ብዋሽ ሳያምኑኝ አይቀሩም ነበር።

4. ዳግም ከተፈታሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አንድ ቀጠሮ አላጓደልኩም፤ አንድ ብርጭቆ መጠጥ አልቀመስኩም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግዴታዬን ማስመርመር እንደምችል የነገራችሁኝ እናንተው ናችሁ። ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። የመጀመሪያው ጠፋ ተባልኩ፤ ሁለተኛው የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው ተባልኩ፤ ያ ሌላ ክፍል ደግሞ ወደ መጀመሪያው ክፍል መለሰኝ።

5. የሟች ወንድሜ ልጅ ኢሶቤል የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀናት ቀርተዋታል። የምትኖረው በባቡር አራት ሰዓት ርቃ ነው፤ ባሏ ባሕር ላይ ባለ ነዳጅ ማውጫ ውስጥ ስለሚሠራ እስከ ወሩ መጨረሻ አይመለስም። በስልክ፣ «አጎቴ፣ ምጡ ሲመጣ ማንም የለኝም። ና እና እንደ ልማድህ አሹፍብኝ» ብላኛለች። እሷ ዘንድ ለማደር ፈቃድ የጠየቅኩት በጁላይ ነው። እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ስለዚህ ግዴታዎቼ ተመርምረው እንዲነሱልኝ፣ ምርመራው ጊዜ የሚፈጅ ከሆነም ቢያንስ ኢሶቤል እስክትገላገል ድረስ

እዚህ ላይ ስደርስ በር ተንኳኳ። ራልፍ ነው ብዬ ስከፍት ኢሶቤል ሆናለች፤ ሆዷን አስቀድማ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች። «አንተ ካልመጣህ እኔ መጣሁ» ብላ ገባች።

ወዲያው ለአሁኗ ተቆጣጣሪዬ ደወልኩ። መሽቷልና ቢሮው እስከ ሰኞ ዝግ ነው። እንግዲህ በተራ ቁጥር 2 መሠረት እኔ ወጥቼ ማደር አልችልም፤ እሷም እዚህ ማደር አትችልም። ከሁለታችን አንዱ ጎጆው ውስጥ ከሽንኩርቱ ጋር ማደሩ ነው፤ በሕጉ ከሄድን ደግሞ ተረኛዋ እሷ ናት።

ይህን ሳነብላት ሳቀች፤ ቀጥላም፣ «ዝም በላቸው እንጂ፣ ማን ያይሃል?» አለችኝ። እኔ ግን በ2019 የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ዛሬም ሌላ አልናገርም። ኢሶቤል አልጋዬ ላይ ትተኛለች። እኔ ደግሞ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

ልትወስዱኝ የምትመጡ ከሆነ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ፤ ደክሟታል።

በሩ አጠገብ ሆኜ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ዊልፍሬድ ቻርልተን
(ፊርማ)