ተጠባባቂ አንደኛ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት 3፡15

የፈተና ውጤት ለጠፍኩ። አራት ጥግ ፕላስተር፣ ከዚያ ሩጫ ወደ ቢሮ። ስሙን ያጣ ሰው ፊት ማየት አልወድም። የሰው ኃይል ባለሙያ ሆኜ ስምንት ዓመቴ፤ ይህን ያህል ፈሪ መሆኔን የማወራው ላንቺ ብቻ ነው፣ ደብተሬ።

መደቡ፦ የዘይት ፋብሪካችን ጥራት ተቆጣጣሪ። አላፊ አንድ። ተጠባባቂ አንደኛ፦ ሰዓዳ፣ ከሞጣ። ስሟን ስተይብ እጄ የለመደው መሰለኝ። ፋይል አገላበጥኩ። ጉድ ነው! እኛ ዘንድ ብቻ ሦስተኛዋ። ሦስት ጊዜ ተፈተነች፣ ሦስት ጊዜ ተጠባባቂ አንደኛ። ሦስቱንም የለጠፍኩት እኔ። አንድም ቀን ደውዬ በዚህ ምክንያት ነው አላልኳትም።

ከሰዓት 10፡00

ጥበቃው ጋሽ ደምሴ ነገሩኝ። ልጅቷ ማስታወቂያውን አይታ ፈገግ አለች። የዲግሪዋን ኮፒ አራት አጥፋ ለበርበሬ መጠቅለያ ይሁንዎት ብላ ሰጠቻቸው። ከእንግዲህ የትም አልመዘገብም፣ የአባቴ ጨርቅ ሱቅ ይበቃኛል አለች። ጋሽ ደምሴ ተቆጥተው መልሰው አስያዟት። ከዚያ ወዲያ ሥራ አልሠራሁም።

ማክሰኞ፣ 4

ወሰንኩ። ላላለፉት ሁሉ እደውላለሁ። በምን እንደ ጎበዙ፣ በምን እንደ ወደቁ እነግራለሁ። በሰዓዳ ጀመርኩ።

እናቷ እትዬ ዘሃራ አነሱ። ከቢቸና፣ ከዘይት ፋብሪካው ነው የምደውለው ከማለቴ እልልልል! ጎረቤት ተቀበለ። ኧረ እትዬ ዘሃራ፣ ኧረ አንዴ ይስሙኝ... ማን ሰምቶኝ! መሥሪያ ቤት የሚደውለው ለቀጠረው ሰው ብቻ ነው፤ ሴትዮዋ ምን ያጥፉ?

ላብ አጠመቀኝ። ጋብ ሲል እውነቱን ነገርኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ከዚያ ይስቁ ጀመር። "በይ እልልታዬን መልሺ!" አሉኝ። ይቅርታ ብለምን፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። እንዴት ያሉ ሰው ናቸው!

ሰዓዳ ስልኩን ተቀበለች። በጽሑፍ ፈተናው ሦስቱንም ጊዜ ከሁሉም በላይ ነበርሽ አልኳት። አታውቅም ነበር! የጣላት ቃለ መጠይቁ ነው፤ አንገቷን ደፍታ ለጠረጴዛው ነው የምታወራው። ያንንም ነገርኳት። አመሰገነችኝ። ግን በቃኝ አለች።

ለራሴ፦ ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ "አላለፍክም"። ሙገሳው ከዚያ በኋላ።

ዓርብ፣ 7

ደውዬ ጨረስኩ። ከአምበር ከተማ የተፈተነው ልጅ ስህተቱን በወረቀት እየጻፈ አዳመጠኝ። ከደብረ ወርቅ የመጣው ደግሞ አጭበርባሪ መስዬው የሚስጥር ቁጥሬን አልሰጥሽም ብሎ ዘጋብኝ። እስካሁን እስቃለሁ።

ቅዳሜ፣ 8። ሞጣ

ለሞጣ ቅርንጫፋችንም ጥራት ተቆጣጣሪ ይፈለጋል። ማስታወቂያ ልለጥፍ መጣሁ። እግሬ ወደ ጨርቅ ሱቁ ወሰደኝ።

ደጅ ቆሜ አየሁ። አንዲት ገበያተኛ ትከራከራታለች። ሰዓዳ ጨርቁን ወደ ፀሐይ አንስታ፣ ሴትዮዋን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ይኸኛው ሽመናው ሳስቷል፣ ያኛውን ውሰጂ ትላለች። ድምጿ መንገድ ድረስ ይሰማል። ለጠረጴዛ የምታወራው ይህቺ ናት? ገብቼ ያንኑ አልኳት። ጥራት መቆጣጠር ማለት አሁን ያደረግሽው ነው፤ ለእኛም እንደዚህ ብትነግሪንስ? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል!

ሳቀች። እንለማመድ አልኩና አባቷ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ጠያቂዋ እሷ፣ ሥራ ፈላጊዋ እኔ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ፦ ውጤት ለጥፋችሁ ለምን ትሮጣላችሁ? አባቷ ከጣቃው ጀርባ ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው። ስለምፈራ ነው አልኩ። እኔም አንገቴን የምደፋው ጠያቂዎቹን ስለምፈራ ነው አለች። ከዚያ እየተቀያየርን አሥር ጊዜ ያህል ተጠያየቅን።

እመዘገባለሁ አላለችም። ምዝገባው ቢቸና ነው፤ ሐሙስ 11፡30 ያበቃል።

ሐሙስ፣ 13። 11፡20

አሥር ደቂቃ ቀረው። ዓይኔ በር ላይ ነው። የለችም። መዝገቡን ልዝጋ?

11፡26

መጣች! ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ፈንድቶበት። ያንኑ አራት የታጠፈ ኮፒ ሰጠችኝ። ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው እንደ አማች ይንጎራደዳሉ።

ለሥ/አስኪያጁ ማስታወሻ ጻፍኩ፦ ከአመልካቾቹ አንዷን ስላለማመድኩ ከፈታኞች ኮሚቴ ልውጣ። አጉረመረሙ። ፈረሙ።

ረቡዕ፣ 26። ጠዋት 4፡00

ኮሚቴው ውጤቱን በታሸገ ፖስታ ላከ። ከፈትኩ። ዘጋሁ። እንደገና ከፈትኩ።

ለጠፍኩ። አልሮጥኩም! እዚያው ቆምኩ። ስማቸውን ያጡ ሁለት ልጆች አጠገቤ ነበሩ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠን አወራን። አንዱ ሲሄድ ጨበጠኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ይህን ነበር?

4፡40

ደወልኩ። አሁንም እትዬ ዘሃራ። ከቢቸና ነው አልኩ። "ዛሬስ አልሞኝም፤ እስክትጨርሺ አፌን በእጄ ይዣለሁ" አሉ። ጨረስኩ። አላፊ፣ አንደኛ፣ ሰዓዳ። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች።

እትዬ ዘሃራ እያለቀሱ ነው። ከኋላ ሰዓዳ ምን አሉሽ፣ እማ፣ ምን አሉሽ ትላለች። እልልታው ግን አልመጣ አለ። ባለፈው ያስደነገጥኳቸው እኔ ነኝ፤ እንግዲህ መጀመር ያለብኝም እኔ ነኝ።

ከወንበሬ ተነሣሁ። እልልልልል! ከሞጣ ተቀበሉኝ፣ እናትም ልጅም ጎረቤትም። ጋሽ ደምሴ ከግቢው ያጨበጭባሉ። ሥ/አስኪያጁ በሩን በርግደው ገብተው ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፌ የሞጣን እልልታ አሰማኋቸው።