መስኮት የሌለው ፕሮግራም

ሐረር፣ ጥቅምት 2008 ዓ.ም.

ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? ዘምዘምስ እንዴት ናት? ትንሿስ? ይህችን ሦስተኛ ጥያቄ ጻፍኩና እስክሪብቶውን አስቀምጬ ግቢውን ዞሬ መጣሁ። ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ላንተ መዋሸት አልችልበትም። ደህና አይደለሁም። አባትህም ደህና አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስንነሳ ስንቀመጥ እንውላለን፤ እኔ ወደ በር፣ እሱ ወደ ኮምፒውተሩ።

ትንሿን ከየት አወቅሽ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ዘምዘምን ካገባህ ወዲህ አባትህ ስምህ በዚህ ቤት እንዳይነሳ ብሏል። አንተም ስልክ ቁጥርህን ቀየርክ። በግትርነት ማንኛችሁ ማንኛችሁን እንደሚበልጥ እስካሁን አለየልኝም። ትተኸው የሄድከው ኮምፒውተር ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ ተቀመጠ። አባትህ ጡረታ ሲወጣ፣ መዝገብ ቤት ፋይሎቹን ሲያዝበት የኖረውን ድምፅ እኔ ላይ ሞከረው፤ በርበሬው የት ይቀመጥ፣ ሽሮው የት ይቀመጥ እያለ። አላዋጣውም። ስለዚህ ጋዜጣ አነብበታለሁ ብሎ ባለፈው ግንቦት ኢንተርኔት አስገባ።

ኢንተርኔቱ በገባ በሳምንቱ ኮምፒውተሩ ታመመ። ማራገቢያው ይጮኻል፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። አባትህ ምንም ሳልከፍት ኔቱን ማን ነው የሚበላብኝ እያለ ይነጫነጭ ጀመር። ጀማል የሚባል ሰው ጠራን። አንተ ከሄድክ በኋላ ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና የከፈተ ነው፤ አታውቀውም። አፉ ከእጁ ይቀድማል። ገና ሳይቀመጥ፣ አቦ ይሄማ ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርጌ አዲስ አደርግላችኋለሁ አለ። ፎርማት ማለት ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ማጥፋት መሆኑን እኔ ያኔ አላወቅኩም። አባትህ ግን ምን እንደሆነ ያላየውን ነገር አስወግዶ አያውቅም፤ መጀመሪያ የሚበላውን አሳየኝ አለው።

ጀማል ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫን ረጅም ዝርዝር ወጣ። አባትህ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበውና፣ እኔ ምንም ሳልከፍት ይህ ሁሉ አሁን እየሠራ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጀማልም አስረዳው። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱ፣ መስኮት ሳይከፍቱ ከጀርባ ሆነው የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዱ ሰዓት ያስተካክላል፣ አንዱ ፕሪንተር ይጠብቃል፣ አብዛኞቹ ሥራ እስኪመጣላቸው ተኝተዋል፣ ትንሽ ቦታ ከመያዝ በቀር አይጎዱም። ያልተኛው አንድ ብቻ ነበር። ከኢንተርኔት ፎቶ የሚያወርድ ፕሮግራም ነው አለ። አንተ ከመሄድህ በፊት ከስልክህ ጋር አገናኝተኸው ረስተኸዋል። ኔት ባጣበት ዘመን ዝም ብሎ ጠብቋል፤ ኔት ሲያገኝ ያመለጠውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሊያወርድ ተነሳ።

ፎልደሩን ከፈተው። ዘምዘም ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ቀጥሎ ቢጫ ብርድ ልብስ ውስጥ የተጠቀለለች አራስ። ጀማል እነዚህ እነማን ናቸው ሲል አባትህ ዘመድ ናቸው አለ። ታዲያ ልዝጋው? ኔታችሁን የሚጨርሰው እሱ ነው አለ ጀማል። እኔ ወንበሩን ይዤ ቆሜያለሁ። አባትህ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አድርጎት እንደገና አውልቆ ጠረገ፣ ከዚያ፣ ተወው፣ ምን ቀለብ ይጠይቃል? አለ።

ከዚያ ወዲህ አባትህ ጋዜጣ ያነባል። ሻይ ይዤ ስገባ ስክሪኑ ላይ ጋዜጣ አለ፤ ጀርባዬን ስሰጥ ማውሱ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔም እሱ ገበያ ሲወጣ ወንበሩን እወርሳለሁ። አንዳችንም ስላየነው ነገር አላወራንም፤ ቢሆንም የመጀመሪያ ጥርሷን አይተናል፣ ባልዲ ውስጥ ተቀምጣ ውሃ ስትረጭ አይተናል፣ ጫማዋን በግልባጭ አድርጋ ስትኮራ አይተናል። አንድ ቀን አባትህ አገጯ የእናቴ ነው ሲል ሰማሁት። ለእኔ አልነበረም፣ ለስክሪኑ ነው የነገረው። መብራት ሲጠፋ እስኪመጣ ድረስ ከወንበሩ አይነሳም ነበር።

ልጽፍልህ ስንት ጊዜ ተነስቼ ተውኩት። የት እንዳለህ ፎቶዎቹ ነግረውናል፤ ከአንዱ ኋላ አዳማን ከነቀበሌው የሚናገር የመድኃኒት ቤት ታፔላ አለ፣ በሌላው ላይ የበራችሁ የቤት ቁጥር ይታያል። ግን እንደምናይህ ካወቅክ ባንድ ቁልፍ ትዘጋብናለህ ብዬ ፈራሁ። ይህችኑ ቀዳዳ እንዳላጣ ብዬ ዝም አልኩ።

አሁን ግን ፎቶው መምጣት አቁሟል። የመጨረሻው አንድ ትንሽ እጅ ነው። ግሉኮስ ተሰክቶበታል፣ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ከጎኑ የብረት አልጋ ጠርዝ ይታያል። እናትህ ዕድሜዋን በነርስነት የጨረሰች ሴት መሆኗን ታውቃለህ። መርፌው የገባበት ቦታ አብጧል። መንቀል የነበረባቸው ቀድሞ ነው፤ ያ እጅ ብዙ ጊዜ ተወግቷል። ከዚያች ፎቶ በኋላ ምንም የለም። ሦስት ሳምንት አለፈ።

አባትህ ጋዜጣውን ተወው። ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ሳይታጠብ ያንን ዝርዝር ይከፍታል። የትኛው ተኝቷል፣ የትኛው ይሠራል፣ የትኛው ነው የሚያግደው እያለ አንድ በአንድ ይመረምራል። አንዱን ሥራ ፈት መስሎት ሲዘጋው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ገድዬው ይሆን እያለ ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ደግነቱ መልሶ በራ። ጀማልን አስጠራነው። ፕሮግራሙ ደህና ነው፣ ያለው ሁሉ ደርሷል ነው የሚለው፣ በዚህ በኩል ምንም ችግር የለም አለን። ደስ የሚለን መስሎት ነው። በዚህ በኩል ካልሆነ በየት በኩል ነው ታዲያ? ፊታችንን ሲያይ ጊዜ ስልኩ ወድቆበት ይሆናል፣ ሰው ስልክ ይሰበርበት የለ እንዴ አለ። አባትህ ስልኩ ተሰብሮ ነው የሚለውን ይዞ ሳምንት ሙሉ ደገመው። እዚህ የገባ ፎቶ ወደ ስልክህም ይሄዳል ብሎ ጀማል ስለነገረኝ እኔ የራሴን ፎቶ ወደ ፎልደሩ አስገባሁ፤ ፎቶው ሄዷል አለኝ። አይተኸው እንደሆነ ግን ማሽኑ አይናገርም። መልስ አልመጣም።

መድኃኔዓለም ሄጄ ቄሱን ለአንዲት ሕፃን ጸልዩልኝ ብላቸው ስሟን ጠየቁኝ። ይኸውልህ፣ የጥርሷን ቁጥር አውቃለሁ፣ ስሟን አላውቅም። ፎቶ ስም አይናገርም። የልጄ ልጅ ብዬ ወጣሁ፤ በቀጥታ ወደ ኤረር በር ወረድኩ፣ ወደ ዘምዘም እናት ወደ ወይዘሮ ሐሊማ። እንደምታውቀው ከሠርጋችሁ ወዲህ በመንገድ ስንገናኝ ሁለታችንም ሌላ ነገር የምናይ ነን። ሱቃቸው ውስጥ ገብቼ፣ የልጅ ልጃችን ስም ማን ነው? አልኳቸው። የያዙትን ሚዛን አስቀመጡ። ወላሂ፣ ልጅ መኖሯንም ከሰው ነው የሰማሁት፣ ስሟንማ አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነበር አሉ። እሳቸውም በዘምዘም ላይ እንደ እኛው በራቸውን ዘግተው ነበር። እዚያው ቆመን ተላቀስን፤ ሊገዛ የመጣው ሰው ሳይገዛ ተመለሰ።

ይዣቸው መጣሁ። አባትህ ሲያያቸው ይወጣል ብዬ ነበር። ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ቆሞ ራሱ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳያቸው፤ ይህ ስትወለድ፣ ይህ ስትድህ እያለ፣ ከጎረቤት ለመጣ እንግዳ የቤተሰብ አልበም የሚያሳይ ይመስል ነበር። ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ይላሉ እሳቸው። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ቶሎ ሊያልፋት ሞከረ። መልሳት እስኪ አሉት። ፎቶው ላይ ያለችውን ትንሽ እጅ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ አባትህ ዞረው፣ አላህ እግር ሰጥቷችሁ ሳለ ሳጥን ነው እንዴ የምትጠብቁት? አሉት።

አባትህ ወደ ጓዳ ገብቶ ጫማውን ሲቦርሽ ሰማሁት።

ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ በፖስታ የማልልከው። በእጅህ የሚያስገቡልህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይነሳሉ። በመንገድ ብዙ የሚነጋገሩ አይመስለኝም። አንደኛው ለጡረታ ጉዳይ መጥቼ ነው ይልሃል፤ እሺ በለው፣ አትከራከረው። ደረጃ ካለ ክንዱን ያዝለት፣ እንዳስተዋለ ግን አታስመስል። ሌላዋ አልፈውህ ወደ ልጃቸው ይገባሉ፤ አሳልፋቸው። እኔም አብሬ በመጣሁ፤ ጉልበቴ አውቶቡስ አይችልም፣ ኮምፒውተሩንም የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።

ልጅቷ ደህና ከሆነች ይዘሃት በሩን ክፈት። ካልሆነች ግን፣ ልጄ፣ ምንም ከመናገርህ በፊት ወንበር ስጣቸው።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውራችሁ፤ የዘምዘምንም ልብ ያጽናልኝ፤ ቤታችሁን በሳቅ ይሙላው። ስሟን በየትኛውም ወረቀት ላይ ጽፈህ ፎቶ አንሳው። ወንበሩ ላይ ነኝ።

እናትህ