ጽጌ ያስቆመችኝ ዕለት

ልጄ ዓምሃ፣ የእንጦጦዋ ማርያም ከሞስኮ ብርድ ትሰውርህ። እኛ ደኅና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

አንተና ጓደኞችህ ነጭ ካልሲ እጃችሁ ላይ አጥልቃችሁ የተማሪ ትራፊክ ስትጀምሩ ሾፌሩ ሁሉ ይስቅባችሁ ነበር። ዛሬ ተማሪ ትራፊኮች ፖሊስ ጓንትና ኮፍያ ሰጥቷቸው በየትምህርት ቤቱ ሞልተዋል። የጉለሌዎቹ አለቃ እህትህ ጽጌረዳ ናት፤ የምትነፋውም ያንተን ፊሽካ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ የሸጎሌን መንገድ ዝም ብዬ ልሻገር ስል ነፋችብኝ! "እማዬ፣ ተመለሺ!" አለችኝ በሰው ፊት፣ አምጬ የወለድኳት! ተናድጄ ተመለስኩ፤ ግን ኮርቼባት ሳላስበው እልልታ አመለጠኝ።

አንተስ እዚያ ግራ ቀኝ አይተህ ትሻገራለህ? ካልሲህንም አሁን እግርህ ላይ አድርገው። ትምህርትህን በሰላም ጨርሰህ ብቻ ና፤ ጽጌ መኪናውን ሁሉ አቁማ ታሻግርሃለች።

እናትህ የዓለምወርቅ