ተራራው የቀላ ጊዜ

ኤፕሪል 11፣ ቅዳሜ
ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ። ከቀትር በኋላ ከምዕራብ፣ ከበረሃው በኩል ኃይለኛ ነፋስ። የነበሩት፦ ኤሎይሳ፣ ጋሽ ፕላሲዶ።

ያሰጣሁትን አንሶላ ሳላስገባ ነፋሱ ቀደመኝ። ነጩን አንሶላ በቀይ አቧራ ቀልቶ ነው ያወረድኩት። ኤሎይሳ ከግቢዋ ሆና ሳቀችብኝ። "በርበሬ ልታሰጪበት ነው?" ጋሽ ፕላሲዶ አጥር ተደግፈው፣ "የበረሃ ሰዎች መሬታቸውን በነፃ እየላኩልን ነው፤ ምስጋና ቢስ አትሁኑ" አሉ።

ሬዲዮው የጸደዩን መጨረሻ ትንበያ ተናገረ። ሜይ ቀዝቀዝ ይላል፣ የተራራው በረዶ እንደ ወትሮው ነው፣ ወንዙ የሚሞላው በወሩ መጨረሻ ነው... ኤሎይሳ ሰምታ ወደ ባዶው ማሳዋ ዞረች። አምና ውሃው የቦዩ ጫፍ፣ እኛ ማሳ፣ ሳይደርስ ቀረ። ቦሎቄዋ ክንድ ሳይሞላ ደረቀ። ዘንድሮም ከቀረ ቤቱን ዘግታ አልበከርኪ ከተማ ልጇ ዘንድ ትገባለች። "ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ማሳ ማየት አልችልም" ብላኛለች። የሟች ወንድሜ ሚስት ናት። በዚህ ጫፍ ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?

ኤፕሪል 17
ነፋስ። እንደገና ቀይ አቧራ። የነበረ ሰው የለም።

ኤፕሪል 24፣ ዓርብ
ጥርት ያለ። ሌሊቱን ሲነፍስ አድሯል፤ ሦስተኛው አቧራ። የነበረ ሰው የለም።

ከቦዩ ራስ በላይ ወዳለው ሸለቆ ወጣሁ። በረዶው ላዩ ላይ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። በጣቴ ፋቅ አደረግሁት፤ ከሥር ነጭ ነው። ሁለት ቦታ እንጨት ተከልኩ። አንዱን ቀዩ ላይ፣ አንዱን አቧራውን ጠርጌ ነጩ ላይ። ምሳዬን በልቼ፣ ትንሽ አሸልቤ አየሁት። የቀዩ አንድ ጣት ወርዷል። የነጩ ምንም። ጥቁር ለብሶ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ቶሎ ይግላል አይደል? በረዶም እንደዚያው ነው መሰለኝ።

ቤት ገብቼ የወረቀት ሣጥኔን ገለበጥኩ። የዘር ፓኬት ጀርባ፣ የመኖ ከረጢት ቁራጭ፣ የድሮ ቀን መቁጠሪያ... የሃያ ሁለት ዓመት የአየር ጠባይ ማስታወሻ። ዘንድሮን የሚመስል አንድ ብቻ አገኘሁ፤ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት። ያኔም ተራራው ቀላ። ውሃው ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጣ፣ ወንዙ አምስት ቀን ሞልቶ ጎደለ። ቦዩ ገና አልተጠረገም ነበር። ቆመን እያየን አለፈን።

ዘንድሮ ጠረጋው ሜይ 9 ነው። ውሃው ይጠብቀናል?

ኤፕሪል 26፣ እሑድ
ደመናማ። የነበሩት፦ ዴልፊኖ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው።

ከቅዳሴ በኋላ የቦዩ ስብሰባ። ዴልፊኖ የቦዩን ውሃ የሚያዝዝ የውሃ አባታችን ነው፣ ለእኔ ደግሞ አበልጄ። ጠረጋው ሜይ 9፣ ውሃ የሚገባው በገበሬዎች ጠባቂ በቅዱስ ኢሲድሮ ቀን፣ ሜይ 15፣ እንደ ሁልጊዜው አለ። እጄን አነሳሁ። እኔ!

"በረዶው ቀልቷል" አልኩ። "ቶሎ ይቀልጣል። ጠረጋው ቀደም ቢል..."

"ሬዲዮው ምን አለ?"

"በሜይ መጨረሻ ነው አለ።"

"እና?"

"ሬዲዮው አቧራውን አላየውም።"

ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ "ሴናይዳ ተናገረች! ዛሬ አንድ ነገር ይወርዳል" አለ። ዴልፊኖም ፈገግ ብሎ፣ "አበልጄ፣ ቀኑ ቀን ነው። አባቴም የጠረገው በዚያው ሳምንት ነው። አቧራውን ለመጥረጊያ ተይው" አለኝ።

ተቀመጥኩ። ሌላም የምለው ነበረኝ...

ኤፕሪል 27
ኤሎይሳን ሳህኖቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ስትከት አገኘኋት።

"ገና ነው እኮ።"

"ገና ሲሆን ነው የሚሻለው፤ ኋላ እጅ እንቢ ይላል።" ቀና ሳትል ጨመረች። "አንቺም ብትሆኚ... ወረቀት ላይ አንበሳ፣ ሰው ፊት ድመት።"

አልተቀየምኳትም። እውነቷን ነው።

ኤፕሪል 28፣ ማክሰኞ
ፀሐይ፣ ነፋስ የለም። የነበሩት፦ ዴልፊኖ።

ያንን የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመቱን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ትራክተሩ ሥር ተኝቶ ሲጠግን ደረስኩ። መናገሩ ሲያቅተኝ ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ወጥቶ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ጮክ ብሎ አነበበ።

"ሜይ 6። ሙቀት። የነበሩት፦ ዴልፊኖ፣ እናቱ ክሩሲታ። ወንዙ ሞልቷል፣ ቦዩ በቅጠል ተዘግቷል። ዴልፊኖ፦ ተራራው ዳግመኛ ከቀላ ቀን አልቆጥርም፣ በማግስቱ አካፋ ይዤ እወጣለሁ። ክሩሲታ፦ ትረሳዋለህ፤ እኔ ነኝ የማውቅህ።"

እናቱ ከሞቱ ሰባት ዓመታቸው ነው።

"እኔ ነኝ ይህን ያልኩት?"

"አዎ።"

"ምን ጠጥቼ ነበር?"

"ውሃ። ሁለት ብርጭቆ። ከጀርባው ተጽፏል።"

ገልብጦ አየ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። "ይኸው ረሳሁት። እናቴ ልክ ናት" አለ። እንደገና ወረቀቱን አየ። "አንቺስ? እዚያ አልነበርሽም እንዴ? ስምሽ የለም።"

"እኔማ ጻፊዋ ነኝ።"

"ጻፊ ሰው አይደለም?"

ጠረጋውን ለቅዳሜ አዞረው። "ውሃው ካልመጣ ስድቡን እኩል ነው የምንካፈለው" አለኝ።

ሜይ 2፣ ቅዳሜ
ቀዝቃዛ፣ ደመና። የነበሩት፦ ዴልፊኖ፣ ኤሎይሳ፣ ጋሽ ፕላሲዶ፣ ሌሎች ስድስት።

ብዙው ሰው ቀረ። "ቀኑ ሲደርስ እንመጣለን" ብለው ልከዋል። ጋሽ ፕላሲዶ በሰማንያ ዓመታቸው አካፋ ተመርኩዘው ያዝዛሉ። "ውሃው ካልመጣ የዘንድሮ በዓል ድግስ በሴናይዳ ነው! ከአሁኑ ልንገርሽ፣ እኔ ሁለት ሳህን ነው የምበላው!" ሲመሽ በእኛ ጫፍ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ሳይጠረግ ቀረ። እጄ ውሃ ቋጥሯል።

ሜይ 4
ቀዝቃዛ። ወንዙ ቀጭን፣ ጠጠሩ ይቆጠራል። ዴልፊኖ በመኪናው ሲያልፍ እጁን አላነሳልኝም። ተሳሳትኩ ይሆን? በአንድ ቁራጭ ወረቀት ያን ሁሉ ሰው...

ሜይ 5
ሞቀ። ድንገት። የነበሩት፦ ኤሎይሳ።

የተረፈውን ሦስት መቶ እርምጃ ሁለታችን ጠረግነው። "ትሄጂ የለ፣ ለምን ትደክሚያለሽ?" አልኳት።

"ብሄድስ? ቆሻሻ ቦይ ትታ ሄደች ልባል?"

ካርቶኑ አሁንም በሯ ሥር ነው።

ሜይ 6፣ ረቡዕ
ሙቀት። ሌሊቱም አልቀዘቀዘም ነበር። የነበሩት፦ ዴልፊኖ።

ከሰዓት በኋላ ወንዙ መልኩን ለወጠ። ቀላ ያለ፣ ወፍራም፣ ጉቶ እየገፋ... ድምፁ ወጥ ቤቴ ድረስ ይሰማል። ዴልፊኖ ክላክሱን እያንባረቀ መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ፣ "አበልጄ! ሬዲዮው ይቅርታ በይልኝ ብሏል!" አለ። ነገ በአሥራ ሁለት ተኩል ቦዩ ራስ እንድገኝ ነገረኝ። ውሃውን የሚዘጋውን የቦዩን በር ሳንቃ የማነሳው እኔ ነኝ።

"የውሃ አባቱ አንተ ነህ እኮ።"

"ወገቤን ያመኛል።"

ወገቡ ደህና ነው።

ሜይ 7፣ ሐሙስ
ጥርት ያለ፣ ነፋስ የለም። ለቅዱስ ኢሲድሮ ስምንት ቀን ይቀራል። የነበርነው፦ ዴልፊኖ፣ ኤሎይሳ፣ ጋሽ ፕላሲዶ በነጠላ ጫማ፣ እኔ።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሳንቃውን አነሳሁ። መጀመሪያ አራት ጣት፣ ከዚያ አንድ ስንዝር። ውሃው አረፋና ቅጠል እየነዳ ገባ። መንሽ ይዤ ከፊቱ ከፊቱ ሄድኩ፤ ቅጠል የተከማቸበትን እያወጣሁ። አካሄዱ የሰው ነው። ጉድጓድ ሲያገኝ ቆም ይላል፣ ሞልቶት እንደገና ይነሳል። ሦስት ቦታ ቆሜ ጠበቅሁት። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ኤሎይሳ ማሳ ደረስን። ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ መሬቱ ጭስ ጭስ አለ። ቦሎቄው ውርጩ ካለፈ በኋላ ይዘራል። አሁን መሬቱ ይጠጣ።

ጋሽ ፕላሲዶ፣ "ድግሴ ቀረ" ብለው አዘኑ።

"ቁርስ ይበቃዎታል" አለቻቸው ኤሎይሳ። ከበሯ ሥር ካርቶኑን ጎትታ ከፈተችው፤ ሳህኖቹን ከጋዜጣው እየፈታች ማውጣት ጀመረች። እንቁላል በቃሪያ በቂጣ በላን። ከዚያ ሳህኖቹን አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ መደርደሪያዋ ላይ መለስኩ። አራት ነበሩ፤ አንዱ የእኔ።