ጠበል የተሞላው መተንፈሻ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

…ከዚያ ዝም አለ። ካሴቱ ይዞራል፣ መሽከርከሩ ይሰማል፣ ሰውየው ግን የለም። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ልጄ ያምሮት፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ከመሃል ጀመርኩብሽ። ካሴቱን ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ዝምታ ነው። በፋሲካ መጥተሽ አዲስ አበባ ያሳየሽኝ ሐኪም "ሲተኙ ትንፋሽዎ ይቋረጣል" ሲለኝ አላመንኩትም። ከኦስሎ የላክሽውን የመተንፈሻ መሣሪያም "ማንኮራፋት በሽታ ነው እንዴ?" ብዬ ሳልከፍተው ሰነበትኩ። እናትሽ አልተከራከረችኝም። ለተማሪዎቼ ዜማ በምቀዳበት ቴፕ የእንቅልፌን ድምፅ ቀድታው ኖሯል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አምጥታ ፊቴ ከፈተችው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። "ይህ የማን በሬ ነው?" አልኳት። ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ።

ትንፋሽ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚለቀቅ ሳስተምር ነው ጠጉሬ የነጣው። ይህ ማረፊያ አልነበረም። በቀን ብርሃን፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ የራሴን ትንፋሽ ጠበቅሁ። አልመጣም። በዚያ ባዶ ውስጥ የእናትሽ ሹክሹክታ ተሰማ። "ተንፍስ… ተንፍስ አንተ ሰው… እመቤቴ፣ ድረሺ…"

በትዳራችን ዘመን ሁሉ "አንተ" ብላኝ አታውቅም። ስንት ዘመን እንዲህ ነቅታ እንዳደረች አልጠየቅኋትም። ቴፑን ዘጋሁና "ሳጥኑን አምጪው" አልኳት።

ጭምብሉን ወረቀቱ ላይ እንደጻፍሽልኝ አሰርኩት። ንፋሱ አፍንጫዬን ሲገፋው የክረምት ወንዝ የወሰደኝ መሰለኝ፤ ጎትቼ ጣልኩት። ደግሜ አሰርኩት። አፌን ስከፍት ንፋሱ በዚያ ያመልጣል። መብራት ሲጠፋ እንደታፈነ ሰው ዘልዬ እነሣለሁ። ጠዋት የማሰሪያው ምልክት ጉንጬ ላይ ይቀራል፤ ተማሪዎቼ ከኋላዬ "የኔታን ማን ለጎማቸው?" ይባባላሉ። ግን አንድ ጠዋት ዳዊቴን ሳላንቀላፋ ደግሜ ጨረስኩ። ለካ ነቅቼ አላውቅም ነበር። ይህም አስደነገጠኝ።

አሁን የደረሰብኝን ስሚ። ንፋሱን በሚያረጥበው የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚገባው የተጣራ ውኃ ነው ብለሻል። ለእናትሽ ከግሽ ዓባይ ካመጣችው ጠበል የበለጠ የተጣራ ከየት ይምጣ? እሱን ሞላችበት። እኔም ደስ አለኝ። ባለፈው እሁድ ሊነጋጋ ሲል ግን ብርዱ ቱቦው ውስጥ ያለውን እንፋሎት ውኃ አድርጎት ኖሮ አፌ ውስጥ ተንጠባጠበ። በእንቅልፍ ልቤ ዋጥኩት። በቅዳሴ ቀን!

"ጠበል አይደል እንዴ?" አለች እናትሽ፣ ክው ብላ።

"ጠበልም ቢሆን ከቅዳሴ በፊት ለቀዳሽ ጾም ይሽራል።"

"ታዲያ ማን አየዎት?" አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

በደብራችን ቄስ ወልደ ዮሐንስና እኔ ብቻ ነን የቀረነው፤ አንዳችን ከጎደልን አይቀደስም። ቅዳሴው ታጎለ። ምእመናኑ ምክንያቱን አልጠየቁኝም፤ ራሳቸው አገኙት። ወሩ ጾም፣ ቄሱ ባለትዳር… ገባሽ? በማግስቱ ጎረቤታችን ሀብትነሽ ገበያ መንገድ ላይ እናትሽን ይዛ "አንቺ ታንጉት፣ በስተርጅና ቅዳሴ አስታጎልሽብን አሉ! ምን ብታበያቸው ነው?" አለቻት። እናትሽ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቁ ካለቀ በኋላም እንባው አላቆመም።

ነገ ጽዮን ማርያም ናት። ቀዳሹ እኔ ነኝ። ዛሬ ጭምብሉን ካደረግሁ ደግሜ ልውጥ እችላለሁ። ካላደረግሁ ያ ዝምታ አለ።

"አንድ ሌሊት ነው፤ ያለሱ እተኛለሁ" አልኳት።

"እንግዲያው እኔ እዚህ አላድርም" አለች። "እስከ ዛሬ ችያለሁ። አሁን ግን እርስዎ ሲተነፍሱ እኔም እንቅልፍን ቀመስኩ። ወደዚያ አልመለስም።"

"ቅዳሴው እንደገና ይታጎል?"

"እኔ ይታጎል አላልኩም።"

ልጄ፣ ይህ መሣሪያ ያለ ውኃ ይሠራል? ወረቀትሽ ላይ አላገኘሁትም። ቴሌ ሄጄ ሰው በተሰለፈበት እየጮኽኩ ልጠይቅሽ አፈርኩ። ደብዳቤው ከነገ በኋላ እንደሚደርስሽ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን እጽፋለሁ? ምናልባት ብዕሩን እስካላስቀመጥኩ ድረስ መተኛት ስለማይመጣ ይሆናል።

በዚያ በብርዱ አገር ደረትሽ አይብረደው። የማታንቀላፋዋ እናት ራስጌሽ ትቁም።

አባትሽ፣
ቄስ ወልደ ገብርኤል

ፖስታውን ሳላሽገው እናትሽ ገባች። ማጠራቀሚያውን ነቅላ ወጣች፤ ጠበሉን እግር በማይረግጠው በአጥሩ ሥር ደፍታው ተመለሰች። ውስጡን በነጠላዋ ጫፍ እስኪደርቅ ወለወለችው። ባዶውን መልሳ ገጠመችው። ጭምብሉን ትራሴ ላይ አኖረችው። ከዚያ እንዳለችው ሌላ ቦታ ልታድር ጋቢዋን ከአልጋው ላይ አነሣች። ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ይህን እየጻፍኩልሽ ነው።

በሩ ተዘጋ።